አፈርም አማና ነው
(ለመስጊዳችን ጀማዓ የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።





ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊዳችን ግቢ ስንቀመጥ አንድ ክርክር ደጋግሞ ይነሳል። ወጣቶች ስለ አየር ንብረት ለውጥ እያነሱ «ችግኝ እንትከል፣ ድምፃችንንም እናሰማ» ይላሉ። አባቶች ደግሞ «ዝናብ የአላህ ነው፤ እኛ ስንት ድርቅ አይተናል» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ሆኖም ሁለቱም ሰማዩን ሲመለከቱ የቆሙበትን አፈር ዘንግተዋል።

ከ2013 ዓ.ም. ሐጋያ እስከ 2015 ዓ.ም. ሐጋያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉብን። በቦረና ከብቱ አለቀ፤ ብዙ ቤተሰብም ባዶ እጁን ቀረ። በ2016 ዓ.ም. ሐጋያ ደግሞ ዝናቡ በርትቶ መጣና በቆላው በብዙ ስፍራ ጎርፍ ሆነ። ለምን ቢባል፣ የተራቆተ መሬት ዝናብ ቢዘንብለትም ውሃውን አይጠጣውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሣር ከአየር ውስጥ ካርቦን የተባለውን ንጥረ ነገር ስቦ ሰውነቱን ይሠራበታል፤ በሥሩም ወደ መሬት ያወርደዋል። ሥሩ ሲሞት፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ የከብቱም እበት ሲወድቅ፣ ምስጥና ጢንዚዛ፣ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳትም ያብላሉታል። ከፊሉ ወደ አየር ይመለሳል፤ ከፊሉ ግን ለም አፈር ሆኖ ይቀራል፤ ውሃ የሚይዘውም እርሱ ነው። በዓለም አፈር ውስጥ የተከማቸው ካርቦን በአየር ውስጥ ካለው ይበልጣል። መሬቱ ሲራቆትና ያለ ጥንቃቄ ሲታረስ ይህ ሀብት ከፊሉ በጎርፍና በነፋስ ይሄዳል፤ ከፊሉም ወደ አየር ተመልሶ ሙቀቱን ያብሳል።

ሩቅ ሳንሄድ ከከተማችን አጠገብ ያለውን የሊበን ሜዳ እንመልከት። ሰፊ የሣር ምድር ነበር። ከፊሉ ታረሰ፤ ከፊሉን ቁጥቋጦ ወረሰው፤ በቀረውም ላይ ከብቱ በዛበት። በደርግ ዘመን መጀመሪያ የግጦሽ ቃጠሎ መከልከሉ ቁጥቋጦውን እንዳበዛው አባቶች ይናገራሉ፤ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ጽፈዋል። በዚያ ሜዳ የምትኖርና በዓለም ከጥቂት ስፍራ በቀር የማትገኝ አንዲት ትንሽ የሣር ወፍ ለመጥፋት ተቃርባለች። በካሎ በተከለለው ቦታ ግን ሣሩ ሲያገግም ታይቷል።

እናንት ወጣቶች፤ ካሎ የአባቶቻችሁ ዕውቀት ነው። ለጥጃና ለደካማ ከብት ሣር ማቆየት፣ በወቅቱ መንቀሳቀስ፣ የውሃ ተራ ማክበር፣ ይህ ሁሉ ስሙ ሳይነገር የአፈር ጥበቃ ነበር። በሣር ምድራችን ላይ ችግኝ ከመትከል በፊት ሣሩን ማዳን ይቀድማል።

እናንት አባቶች፤ አፍሪካ በሙሉ ወደ አየር የምትለቀው የጭስ ድርሻ ከዓለም 5 በመቶ አይሞላም። ጥፋቱ በአብዛኛው የሌላ ሲሆን ዳፋው ግን ለእኛ ተርፏል። ልጆቻችሁ ይህን ቢናገሩ የአላህን ውሳኔ መቃወም አይደለም፤ ሐቅ መጠየቅ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና አቅራቢያ አን-ነቂዕን ሒማ፣ ማለትም የተከለለ ግጦሽ፣ አድርገውታል። ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ የሒማውን ጠባቂ ጥቂት ከብት ያላቸውን እንዲያስገባ፣ የባለጸጎቹን ከብት ግን እንዲያቆይ አዘዙት። የባለጸጋው ከብት ቢሞትበት ሌላ ሀብት አለውና፤ ድኻው ግን ከዚያ በቀር ምንም የለውም። እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። ዛሬ በጋራ ግጦሽ ላይ የግል አጥር የሚያጥረው ማን ነው? ከሰል ለመሸጥ ዛፉን ከሥሩ የሚቆርጠውስ? ከከተማ የመጣ ባዕድ ብቻ ነው እንዳንል፤ ከእኛው ሶፍ ውስጥም አለ።

ስለዚህ ሽማግሌዎች የካሎውን ወሰን ያሳዩ፤ ወጣቶች ይጠብቁት፤ የሣሩን መመለስም በየዓመቱ ይመዝግቡ። አጥር ያጠርን እናንሳ። በበረቱ የተከማቸውን እበት ወደ ማሳችን እናውጣው። አላህ ዝናቡን ሲያወርድልን የሚቀበለው አፈር ያቆይልን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።