አልነሣ ያለ ላፕቶፕ፦ ከ«ፎርማት» በፊት
(ለመምህራንና ለተመራቂ ተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ)



ንግግሬን ከአእምሮዬ ባልጠፋ አንድ ጉዳይ ልጀምር። በትክል ድንጋይ የሚያስተምር አንድ መምህር ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፉ የአርማጭሆ አዛውንትን ቀረርቶና ፉከራ ሁለት በጋ ሙሉ እየዞረ ቀድቶ በላፕቶፑ አከማችቶ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ላፕቶፑ አልነሣ አለው። ጎንደር አምጥቶ ለጠጋኝ ሰጠ፤ በማግሥቱ «ተሠርቷል» ተብሎ ተመለሰለት። በእርግጥም ተነሥቷል። በውስጡ ግን አንድም ድምፅ አልነበረም፤ ፎርማት ተደርጓል። መምህሩ ወደ እኔ ሲመጣ ከተቀዱት አዛውንት አንዱ ዐርፈው ነበር።

ጠጋኙን አልወቅስም። ማሽኑን እንዲያስነሣ ተጠየቀ፤ አስነሣ። ውስጡ ያለው ከማሽኑ እንደሚበልጥ የነገረው ሰው አልነበረም።

ለመሆኑ ላፕቶፕ ሲነሣ ምን ይከናወናል? ቁልፉን ስንጫን በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ወደ ማዘርቦርዱ ይደርሳል። ቀጥሎ በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ አነስተኛ ፕሮግራም፣ በቀድሞዎቹ ባዮስ በአዳዲሶቹ ዩኢኤፍአይ የሚባለው፣ ራምንና ሌሎች ክፍሎችን ይፈትሻል። ከዚያም ዲስኩ ላይ ዊንዶውስን ፈልጎ ሥራውን ያስረክበዋል። «አልነሣ አለ» ማለት እንግዲህ ከእነዚህ እርከኖች በአንዱ ላይ ቆሟል ማለት ነው እንጂ ሞቷል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄያችን «የት ላይ ቆመ?» የሚል ይሁን።

ምንም መብራት ካላሳየ ጥፋቱን ከቻርጀሩ እንጀምር። በእኛ አገር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳው ቻርጀሩ ነው። ሌላ ቻርጀር ስትሞክሩ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩም ከቀድሞው የማያንስ መሆኑን ጀርባው ላይ አንብቡ። ይህ ካልሠራ ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነም አውጥታችሁ፣ የማስነሻ ቁልፉን ሠላሳ ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ቆዩ፤ ከዚያ በቻርጀር ብቻ ሞክሩ። በማዘርቦርዱ ላይ የቀረው ኃይል ስለሚፈስ «ሞተ» የተባለ ላፕቶፕ በዚህ ብቻ ሲነሣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

መብራቱ በርቶ፣ ፋኑ እየዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ከሆነ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ በሰያፍ ስክሪኑን ተመልከቱ። ደብዛዛ ምስል ከታያችሁ የጠፋው የስክሪኑ ብርሃን ብቻ ነው፤ በገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝታችሁ ሥራችሁን ማውጣት ትችላላችሁ። ምንም ካልታየ ራሙን ነቅሎ፣ ወርቃማ ጫፉን በላጲስ ጠርጎ፣ ጠበቅ አድርጎ መመለስ ነው። አቧራ በበዛበት በጋ ይህ የተለመደ ችግር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፈገግ ያሰኘኝን ነገር ልጨምር። የማዘርቦርዱ ትንሿ ክብ ባትሪ ስታልቅ ማሽኑ ቀኑን ይረሳል፤ ወደ ኋላም ይመለሳል። አንድ ተማሪ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሄደ ላፕቶፕ አምጥቶ «ቀኑ እንኳ ትክክል ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ሆኗል» ብሎኛል።

የሚያነሣው ሥርዓት እንዳላገኘ የሚገልጽ ጽሑፍ ከወጣ አስቀድማችሁ የተሰካ ፍላሽ ካለ ንቀሉ። ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው አጥፉት፤ እያንዳንዱ ሙከራ ጉዳቱን ያብሰዋል።

አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚያጣው ግን ዊንዶውስ ጀምሮ መሐል ላይ ሲቀር ነው፤ ብዙ ጊዜም ማሻሻያ እየጫነ ሳለ መብራት ስለሄደበት። ፎርማት የሚታዘዘው እዚህ ላይ ነው። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ! በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ኡቡንቱን በፍላሽ አዘጋጁ፤ ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሡ፤ «ጫን» የሚለውን ሳይሆን «ሞክር» የሚለውን ምረጡ። ፋይሎቻችሁን ወደ ውጫዊ ዲስክ ከቀዳችሁ በኋላ ፎርማቱ ያሻችሁ እንደሆነ ይሁን። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አኃዙን ቁልፍ ይጠይቃችኋል፤ ከማይክሮሶፍት መለያችሁ ጋር ተቀምጦ እንደሆነ ዛሬውኑ አረጋግጡ።

ወደ መምህሩ ልመለስ። የእሱ ዲስክ የሚሽከረከረው ዓይነት ነበር። በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ፈጣን ፎርማት የመጽሐፍን ማውጫ እንደ መቅደድ ነው፤ ገጾቹ ሌላ እስኪጻፍባቸው ድረስ አሉ። በኤስኤስዲ ግን ዲስኩ ራሱ ብዙም ሳይቆይ ስለሚያጸዳቸው ተስፋው የመነመነ ነው። ጠጋኙ ለደንበኛው አስቦ ፊልም ሞልቶበት ስለነበር ከድምፆቹ ያተረፍነው ከሲሶ አይበልጥም። ጽሑፎቹ ቢገኙም ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ሆኑ። መምህሩ ደነገጠ። ጽሑፎቹ አልተበላሹም ነበር፤ የተጻፉበት የቆየ የግዕዝ ፎንት ከፎርማቱ ጋር ጠፍቶ ነው። ፊደላችን በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደላችንን በላቲን ቁጥሮች ላይ በየራሱ መንገድ ያስቀምጥ ነበር። ፎንቱን ፈልገን ስንጭን ሁሉም ተነበበ።

መምህሩ አሁን የቀሩትን አዛውንት እንደ አዲስ እየቀዳ ነው። አንዱ ቅጂ በላፕቶፑ፣ ሁለተኛው በትክል ድንጋይ ቤቱ፣ ሦስተኛው ጎንደር እኅቱ ዘንድ ይቀመጣል። ያረፉት አባት ድምፅ ከተረፉት መካከል አልተገኘም።

ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ።