ቡገንቪላ ወይስ አቮካዶ?

(ከዚህ በታች የሰፈረው በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአትክልት ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር ነው። በዕለቱ ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



እንደምታውቁት ከማኅበሩ አዳራሽ ጎን ያለው ባዶ ቦታ ከተጠረገ ወዲህ «ምን ይተከልበት?» የሚለው ጥያቄ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎታል። ግማሹ «አበባ ተተክሎ ደጃችን ይመርበት» ይላል። ግማሹ ደግሞ «አበባ ይበላል እንዴ? ፍሬ ያለው ነገር ይተከል» ይላል። ስም ጠርተን እንነጋገር ከተባለ አበባ የተባለው ቡገንቪላ ነው፤ ፍሬ የተባለው አቮካዶ ነው። እናንተም «አጥንታችሁ ቅረቡ» ባላችሁን መሠረት ሁለቱን አመዛዝነን ቀርበናል። የምንናገረው በየግቢያችሁ ለምትተክሉትም ያገለግላል።

ከቡገንቪላ እንጀምር። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ስሙን ያገኘው ቡገንቪል ከተባለው የፈረንሳይ መርከበኛ ሲሆን፣ ዓለምን ሲዞር አብሮት የነበረው ኮመርሶን የተባለ የዕፀዋት ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1767 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ አግኝቶታል። ዛሬ ከድሬዳዋ እስከ ባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ እስከ እኛው አጥር ድረስ የማይታይበት ቦታ የለም። እኛ አበባ የምንለው ያ ቀዩና ወይን ጠጁ ነገር ግን አበባ አይደለም፤ ቅጠል ነው። ቀለሙን የለወጠ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ቅጠል። እውነተኛው አበባ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ቱቦ ናት፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆና ትወጣለች። ነገ ስታልፉ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ይህንን የምናነሣው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ቅጠል በመሆኑ ነው እንደ ሌላው አበባ በጥቂት ቀን ረግፎ የማያልቀው፣ ለሳምንታት ደምቆ የሚቆየው።

የቡገንቪላ ጠባይ ጊዜ ለሌለው ሰው የተመቸ ነው። የሚፈልገው ፀሐይ ነው፤ ቢያንስ የቀኑን ግማሽ ያህል ፀሐይ ካላገኘ ቅጠል እንጂ ቀለም አያሳይም። ውሃ ሲበዛበት፣ ፍግ ሲበዛበትም እንደዚሁ ነው፤ አረንጓዴ ሆኖ ይወፍራል፣ አያብብም። አንዳንዶቻችሁ «የጎረቤት ቡገንቪላ ሲያብብ የእኛ ለምን እምቢ አለ?» ስትሉ እንሰማለን። መልሱ ብዙውን ጊዜ ባልዲው ላይ ነው። አንዴ ሥር ከያዘ በኋላ አፈሩ ደረቅ እስኪል ተዉት። ለመትከልም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከጎረቤት አጥር ላይ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ አንድ ስንዝር የሚሆን፣ የጠና ቅርንጫፍ ቆርጦ እርጥበት ባለው አሸዋማ አፈር ውስጥ መሰካት ነው። ሁሉም አይጸድቅም፤ ስለዚህ አንድ ፈልጋችሁ አምስት ስኩ። ሥሩ ስስ ስለሆነ ከላስቲኩ አውጥታችሁ ስትተክሉ አፈሩን አታራግፉበት።

ጉድለቱስ? እሾኹ ነው። ለአጥር ጥሩ ነው፤ ሌባም ያስባል። ነገር ግን ልጆች በሚሮጡበት መተላለፊያ ዳር፣ ዓይን በሚደርስበት ቁመት ላይ መትከል ኋላ ጸጸት ያመጣል። ካልተገረዘ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ግንቡን አልፎ የመብራት ሽቦ ላይ ይወጣል፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ይተኛል፣ የረገፈው ቅጠሉ አሸንዳ ይደፍናል። የሚያብበው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ አበባው ባለቀ ቁጥር መግረዙ ራሱን ይጠቅመዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ለጋው ሊጠቁር ይችላል፤ የጠናው ግን ብዙውን ጊዜ መልሶ ያቆጠቁጣል።

አሁን ወደ አቮካዶ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ አትሰልቹብን፤ ክርክሩ ያለው እዚህ ነው።

አቮካዶ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ወደ አገራችን የገባው በፈረንጆች 1938 ሲሆን፣ መጀመሪያ የተተከለውም በሂርናና በወንዶ ገነት በግል አትክልተኞች እጅ ነው። እንግዲህ «የእኛ አገር ተክል ነው» የሚል ክርክር ለሁለቱም አያገለግልም፤ ሁለቱም እንግዶች ናቸው። ባሕር ዛፍም እንግዳ ነበር።

በአዲስ አበባ ደጋ ያፈራል ወይ ለሚለው፣ ያፈራል። በየግቢው እያየነው ነው። ዳሩ ግን ሁሉም ዘር አይደለም። የሜክሲኮና የጓቴማላ ዘር ከደጋ ብርድ ጋር ይስማማል፤ ከቆላው ወገን የሆነው ዘር ግን እዚህ ይቸገራል። ከዚህም በላይ ከጁስ ቤት የተገኘ ፍሬ ተክሎ የእናቱን ዓይነት መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም፤ እስኪያፈራም ከአምስት እስከ አሥር ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በገበያ «የተዳቀለ» የሚባለው ችግኝ፣ ማለትም ፍሬ ከሰጠ ዛፍ የተወሰደ ቅርንጫፍ የተጋባበት፣ በሦስትና በአራት ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ስትገዙ ግንዱ ላይ የተጋባበትን ጠባሳ እዩ። ጠባሳ ከሌለው «የተዳቀለ ነው» ቢሏችሁ አትመኑ። ስትተክሉም ያ ጠባሳ ከአፈር በላይ ይሁን።

ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን «እኔ የማልበላውን ለማን ልትከል?» ብለው ነበር። እማማ፣ የተዳቀለው ከሆነ እርስዎም ይደርሱበታል ብለን ነው የምንመልሰው።

ሌላው አፈር ነው። አቮካዶ ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ የሚሄድ ዛፍ አይደለም፤ አብዛኛው ውሃና ምግብ የሚስበው ሥር ከላይ ባለው ስድሳ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ውሃ የተኛበት ሥር ይበሰብሳል፤ ዛፉም ከጫፉ እየደረቀ ይመጣል። ስለዚህ ከላይ በኩል ያላችሁ፣ ቀይ አፈር ያላችሁ፣ ብዙ አትቸገሩም። ወደ ወንዙ ያላችሁ፣ ጥቁር መረሬ አፈር ያላችሁ ግን ጉድጓድ ቆፍራችሁ ብትተክሉ ክረምት ሲመጣ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆንባችኋል። ለእናንተ የሚሻለው አፈር ከምራችሁ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉብታ ሠርታችሁ በላዩ ላይ መትከል ነው። የአዳራሹ ቦታ ቀይ አፈር ስለሆነ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን።

አበባውም አስቸጋሪ ጠባይ አለው። አንዷ የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ትከፈታለች፤ መጀመሪያ እንደ ሴት፣ ተዘግታ ቆይታ ደግሞ እንደ ወንድ። ሐስ የተባለው ዓይነት ጠዋት በሴትነት ተከፍቶ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በወንድነት ይከፈታል። ፉየርቴና ኤቲንገር የተባሉት የዚህ ተቃራኒ ናቸው። አንድ ዛፍ ብቻውን ጨርሶ አያፈራም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ዓይነት ተቀራርበው ሲገኙ ግን ንብ እያመላለሰች ፍሬው ይበረክታል። ስለዚህ አዳራሹ ጋ ሐስ ቢተከል፣ አጎራባች ከሆኑት ቤቶች አንዱ ፉየርቴ ቢተክል ሁለቱም ይጠቀማሉ። በሰፈር ተነጋግሮ መትከል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ቦታን በሚመለከት፣ ያልተገረዘ አቮካዶ ከአሥር ሜትር በላይ ይረዝማል። ከቤት፣ ከግንብና ከሽንት ቤት ጉድጓድ ቢያንስ አምስት ሜትር መራቅ አለበት። ሌሊት ቆርቆሮ ላይ የሚወድቅ አቮካዶ ምን እንደሚመስል የሰማ ሰው ያውቀዋል። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ኮክ ወይም ዘይቱን ብታስቡ ይሻላል፤ ሁለቱም በመግረዝ ዝቅ ብለው ይያዛሉ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የአቮካዶ ቅጠል ለበግ፣ ለፍየልና ለፈረስ መርዝ ነው፤ ልብን ይጎዳል፣ የምታጠባዋንም ጡት ያሳብጣል። ለበዓል የተገዛ በግ ጥላ ፍለጋ አቮካዶ ሥር አይታሰር፤ የተገረዘውም ቅርንጫፍ አይጣልለት።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ውሃ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ስም ችግኝ ሲተከል አይተናል፣ ተክለናልም። መትከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሥራው የሚጀምረው ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያቆም ነው። ለጋ አቮካዶ ከጥቅምት ጀምሮ ክረምት እስኪገባ፣ የበልጉ ዝናብ ካላገዘን በቀር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ጀሪካን ውሃ ይፈልጋል፤ ይህም ቢያንስ ለሁለት በጋ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «የልብስ እጣቢ እናፈስበታለን» የምትሉ አላችሁ፤ አይሆንም። አቮካዶ ጨውና በረኪና አይችልም፣ የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል። የአትክልትና የእህል እጣቢ ግን ይሆናል። ሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣርና ቅጠል ብታለብሱት እርጥበት ይይዛል፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ሁለቱ የሚጣሉ አይደሉም፤ የሚጠይቁት ነገር የተለያየ ነው። ቡገንቪላ ፀሐይና መቀስ ይጠይቃል። አቮካዶ ስፋትና የሚያጠጣው ሰው ይጠይቃል። በግንቡ ዳር፣ አንድ ክንድ ስፋት ባለበት ቦታ አቮካዶ መትከል ለዛፉም ለግንቡም ጥፋት ነው፤ እዚያ ቡገንቪላ ይሁን። ተከራይ የሆናችሁም «ለባለቤቱ ነው የምተክለው» ብላችሁ ማመንታታችሁ ይገባናል። ቡገንቪላን በትልቅ የቀለም ባልዲ ሥሩን ቀዳድታችሁ ብትተክሉት ሥሩ ሲጠበው እንዲያውም አብዝቶ ያብባል፤ ቤት ስትቀይሩም አብሯችሁ ይሄዳል።

የአዳራሹ ቦታ ግን አሥር ሜትር በስምንት ነው፣ አፈሩ ቀይ ነው፣ ሽቦ አያልፍበትም። ኮሚቴያችን ያለው አቋም መሐሉ ላይ አንድ የተዳቀለ ሐስ እንዲተከል ነው። ይህም በአንድ ቅድመ ሁኔታ፤ አሥራ ሁለት ቤቶች የማጠጣት ተራ ሲገቡ ብቻ። አሥራ ሁለት ቤት ከተገኘ ለእያንዳንዱ በስድስት ሳምንት አንድ ሳምንት ይደርሰዋል፣ ምክንያቱም ሁለት ሁለት ቤት እየሆንን ነው የምንመድበው፤ አንዱ ለለቅሶ ወይም ለሥራ ቢሄድ ሌላው አለ። አሥራ ሁለት ካልሞላ ቦታው ላይ ቡገንቪላ እንተክላለን፤ በጥር የደረቀ የአቮካዶ እንጨት ከምናይ እሱ ይሻላል።

ፍሬውን በሚመለከት ከአሁኑ መነጋገር ይገባል፣ ዛፍ ሲያፈራ ጎረቤት ይጣላልና። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይበስልም፤ ከተለቀመ በኋላ ነው የሚለሰልሰው። ልጆች በድንጋይ ቢያወርዱት ጥሬውን ነው የሚያባክኑት። ደርሷል አልደረሰም የሚለውን ለማወቅ አንድ ለቅሞ ቤት ማስቀመጥ ነው፤ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ሌላውም ለቀማ ደርሷል። ሐሳባችን ለቀማው በኮሚቴው እጅ ሆኖ፣ መጀመሪያ ላጠጡት አሥራ ሁለት ቤቶች፣ ቀጥሎ ጡት ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት እንዲታደል ነው። ይህን የማትስማሙበት ካላችሁ አሁኑኑ ተናገሩ፤ ፍሬው ከመጣ በኋላ የሚነሣ ክርክር ማብቂያ የለውም።

የማጠጣት ተራ የምትገቡ ስማችሁን እስከ ግንቦት መጨረሻ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ አስመዝግቡ። ጉድጓዱ በሰኔ መጀመሪያ ይቆፈራል፤ ስድሳ ሳንቲ ሜትር በስድሳ ሲሆን የላይኛው አፈር ለብቻው ይቀመጣል። አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ፣ በግቢያችሁ ቡገንቪላ የምትገርዙም ቅርንጫፉን እንዳትጥሉትና አዳራሹ በር ላይ እንድታስቀምጡልን እንጠይቃለን።