አንድ ግራም ራዲየም በማን ስም ይመዝገብ?

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



የዓለምን ታሪክ ስለለወጡ ታላላቅ ሰዎች እንድናገር የጠየቀኝ የትምህርት ኮሚቴው ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲወጣ ከፊት የሚሰለፉት ታላቁ እስክንድር፣ ጄንጊስ ካንና ናፖሊዮን ናቸው። ቀጥሎ ሳይንቲስቶቹ ይደረደራሉ፤ በመካከላቸውም አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ትገኛለች፤ ማሪ ኩሪ። ድል አድራጊዎቹን ለሌላ ተናጋሪ ትቼ የእሷን ላጫውታችሁ። ሥራዬ ሂሳብ ስለሆነ ግን ከኬሚስትሪው ይልቅ ገንዘቡን ነው የምከተለው። ማን ከፈለ? በማን ስም ተመዘገበ?

ማሪ እ.ኤ.አ. በ1867 ዋርሶ ተወለደች። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከተማዋ ያኔ በሩሲያ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲውም ሴት አይቀበልም። ማሪና ታላቅ እኅቷ ብሮንያ ፓሪስ ሄደው መማር ይመኙ ነበር። አባታቸው አስተማሪ ናቸው፤ ለሁለቱ ቀርቶ ለአንዷም የሚከፍሉት የላቸውም። ስለዚህ እኅትማማቾቹ ተዋዋሉ። ብሮንያ ቀድማ ትሂድና ሕክምና ትማር፤ ማሪ በሰው ቤት ልጆች እያስተማረች ከደመወዟ ትላክላት፤ ብሮንያ ስትጨርስ ደግሞ በተራዋ ማሪን ትርዳ። ይህን እኛ በደንብ እናውቀዋለን፤ ሁለት አባል ያለው እቁብ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ ለብሮንያ ወጣ። ማሪ በ18 ዓመቷ ገጠር ወርዳ የሰው ልጆች ስታስተምር ቆየች፤ ፓሪስ የገባችው በ1891 ነው። ዳኛም ዋስም የሌለው እቁብ ነበር፤ ብሮንያ ግን ቃሏን አላጠፈችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከትምህርት ቤት ታስታውሱታላችሁ። በ1898 ከባሏ ከፒየር ጋር ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ በቶን የሚለካ የማዕድን ዝቃጭ በትልልቅ ዕቃ ስታፈላ ከረመች፤ የምታማስልበት የብረት ዘንግ ቁመቷን ሊያክል ምንም አይቀረው። በ1902 ከዚያ ሁሉ ድካም የወጣው የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ነው። ሁለት የኖቤል ሽልማት ተቀበለች፤ በ1903 በፊዚክስ ከፒየርና ከአንሪ ቤክሬል ጋር፣ በ1911 በኬሚስትሪ ለብቻዋ።

እኔን የሚያቆመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባልና ሚስቱ ራዲየም የሚወጣበትን ዘዴ በስማቸው አላስመዘገቡም፤ የፓተንት መብት አልጠየቁም። ዕውቀት የሁሉም ነው ብለው ለጠየቃቸው ሁሉ አስረዱ፤ ፋብሪካዎችም ያለ ክፍያ ሠሩበት። ልቤ ያደንቃታል፤ እጄ ግን ካልኩሌተሩን ማንሳቱ አይቀርም። ምክንያቱም በ1920 ሚሲ ሜሎኒ የምትባል አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ፓሪስ ሄዳ ከሁሉ አብልጠሽ የምትፈልጊው ምንድን ነው ብላ ብትጠይቃት፣ መልሷ አንድ ግራም ራዲየም ነበር። በቤተ ሙከራዋ ያለው አንድ ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ለምርምሩ ሌላ ያስፈልጋታል። ዋጋው 100,000 ዶላር ነው። ራሷ ያገኘችውን ነገር ራሷ መግዛት አልቻለችም።

ሜሎኒ አገሯ ተመልሳ መጀመሪያ ያሰበችው አሥር ሀብታም ሴቶች ፈልጋ ከእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር መቀበል ነበር። አልሆነም። ስለዚህ ለመላው የአሜሪካ ሴቶች ጥሪ አደረገች፤ ያለው የቻለውን እያዋጣ ገንዘቡ ከዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሞላ። (በነገራችን ላይ ሴቶች ሲያዋጡላት የመጀመሪያው አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞችን ራጅ የሚያነሳውን የመጀመሪያ መኪናዋን የገዛላት የፈረንሳይ ሴቶች ኅብረት ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ፕሬዝዳንት ዋረን ሃርዲንግ ግንቦት 20 ቀን 1921 በዋይት ሀውስ ስጦታውን ሊያስረክቧት ተዘጋጅተዋል። በዋዜማው ምሽት የስጦታውን ሰነድ ሰጧት። አነበበችውና ይስተካከል አለች። ሰነዱ ራዲየሙን የሚሰጠው ለእሷ፣ ለግለሰቧ ነው። እንዲህ ከቀረ፣ ስትሞት የልጆቿ ውርስ ይሆናል፤ እሷ ግን ለዘለቄታው የቤተ ሙከራው እንዲሆን ነው የምትፈልገው። በሚቀጥለው ሳምንት ይደረግልሻል ቢሏት እምቢ አለች፤ ዛሬ ማታ ካልሆነ፣ ሞት ቀን አይጠብቅም አለች። በዚያ ሰዓት ጠበቃ ተፈልጎ ሰነዱ ተስተካከለ፤ በሌሊት ተፈረመ። በማግስቱ ፕሬዝዳንቱ ያስረከቧት የሣጥኑን ቁልፍ ነው፤ ራዲየሙ ራሱ አደገኛ ስለሆነ በሌላ ቦታ ተቀምጦ ነበር።

በ1929 ዳግም አሜሪካ ሄዳ ለሁለተኛ ግራም የሚሆን 50,000 ዶላር ተቀበለች፤ የኮንጎ ማዕድን ገበያ ላይ ስለወጣ ዋጋው ወርዶ ነበር። ያኛው ግራም ለዋርሶው የራዲየም ተቋም ሆነ። ተቋሙን የመራችው ሐኪሟ ብሮንያ ናት።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ስለ ወፍጯችን ነው። ወፍጮው በደጋፊዎቻችን ገንዘብ ሲገዛ ማኅበራችን ገና ሕጋዊ ሰውነት አልነበረውም፤ ስለዚህ ደረሰኙም የመብራት ቆጣሪውም በሰብሳቢያችን ስም ሆነ። ያኔ ሌላ መንገድ አልነበረም። ዛሬ ግን የምዝገባ ምስክር ወረቀትና ማኅተም አለን፤ ወፍጮው ግን በቋሚ ንብረት መዝገባችን ላይ የለም። ልጽፈው አልችልም፤ በወረቀት የእኛ አይደለማ! ጉዳዩ ባለፈው ሲነሳ፣ ይህ እኚህን የመሰሉ ሰው መጠርጠር ነው ያላችሁ አላችሁ። ሰብሳቢያችንን እኔም አምናቸዋለሁ፤ የወፍጮውን ገቢ በየሳምንቱ ሳያጓድሉ የሚያስረክቡኝ እሳቸው ናቸው። ማሪ ኩሪንም የጠረጠራት አልነበረም። ሰነዱ ይስተካከል ያለችው ራሷ ናት።

ለማስተላለፍ የሚያስፈልገው የእናንተ ውሳኔ በቃለ ጉባኤ፣ የሰብሳቢያችን ፊርማ፣ ከዚያ አንድ ቀን ውልና ማስረጃ መሄድ ነው። የቆጣሪውን ስም ማዛወር ትንሽ ሊያመላልሰን ይችላል፤ እኔ እከታተለዋለሁ። ረቂቁ በየወንበራችሁ ላይ አለ፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች አጠገባቸው ያላችሁ አንብቡላቸው። ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ነው፤ እስከዚያ ጥያቄ ያላችሁ እዚሁ ፊት ወንበር ላይ ታገኙኛላችሁ።