ልክና ቅንጦት፤ የነጻ መነጽር ሠሪዎች አዲስ ንድፍ በጣርማ በር ብርሃን ሲታይ



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ሲና ከመድረሱ አስቀድሞ ጣርማ በር ላይ ይወጣል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ወደ ምዕራብ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት ሰፊ ደጋ ተዘርግቶ ይታያል፤ ወደ ምሥራቅ ግን ምድሩ ድንገት ተቋርጦ ገደል ለገደል ወደ ቆላው ይወርዳል። ከአንደኛው ወገን የሚወርደው ውኃ ወደ ዓባይ፣ ከሌላው ወገን የሚወርደው ወደ አዋሽ ይጓዛል። ኢጣልያ አገሪቱን በያዘችባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ተራራው ተፈልፍሎ መኪና የሚያልፍበት ዋሻ ተሠርቶለታል።

በዚህ ስፍራ ዓይን በአንድ ቀን ውስጥ አያሌ ፈተና ይደርስበታል። ጧት ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ይሸፍነዋል። ጉሙ ሲገፈፍ ፀሐዩ በስሱ አየር ውስጥ አልፎ በኃይል ይወርዳል። ነፋሱ አቧራ እያነሣ ባና የደረበውን እረኛ ዓይን ያስለቅሳል። ሾፌሩ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ብርሃን በቅጽበት ወደ ዋሻው ጨለማ ይገባል፤ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ መኪናው ብዙ ሜትር ይጓዛል።

የዛሬው ንግግር ርእስ ነጻ መነጽር ሠሪዎች የሚያወጡት አዲስና ውድ ንድፍ ነው። እንዲህ ያለው ንድፍ በየዓመቱ የሚታየው በሚላኖና በፓሪስ ትርኢቶች ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከጣርማ በር መጀመር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ መነጽር የሚሠራበትን ዓላማ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም። በትርኢት መብራት ሥር ያማረ ፍሬም ሁሉ በዚህ ነፋስና በዚህ ፀሐይ ፊት ያው ሆኖ አይቆምም። ከአዲሱ ንድፍ ለአገሪቱ ባለሙያ የሚጠቅመው የትኛው እንደ ሆነ፣ ለመታያ ብቻ የሆነውም የትኛው እንደ ሆነ በዚህ ሚዛን ይለያል።

በቅድሚያ «ነጻ» የሚለው ቃል ሊፈታ ይገባዋል። በዓለም የመነጽር ንግድ ላይ ታላላቅ ኩባንያዎች ሰፊ ድርሻ ይዘዋል። ከእነዚህ ዋነኛው፣ ሊዮናርዶ ዴል ቬኪዮ እ.ኤ.አ. በ1961 በሰሜን ኢጣልያ በአጎርዶ ያቋቋመው ሉክሶቲካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ኤሲሎር ከተባለው የፈረንሳይ ሌንስ ሠሪ ጋር ተዋሕዷል። ስመ ጥር የልብስ ቤቶች ስማቸውን የሚያስጽፉበት መነጽርም በአብዛኛው በፈቃድ የሚሠራው በእንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ዘንድ ነው። ነጻ መነጽር ሠሪ የሚባለው ከእነዚህ ውጭ ሆኖ፣ በራሱ ስም፣ በራሱ ንድፍ፣ ብዙ ጊዜም በራሱ የሥራ ቤት በጥቂት ቁጥር የሚያወጣው ነው።

የዚህ ወገን ታሪክ ረጅም አይደለም። በለንደን ከትለር ኤንድ ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1969፣ በፓሪስ አላን ሚክሊ በ1978፣ በሎስ አንጀለስ ኤል ኤ አይወርክስ በ1979፣ በቤልጅግ በአንትወርፕ ቴዎ በ1989 ሥራ ጀመሩ። እነዚህ መነጽርን ከመደበቅ ይልቅ በግልጽ እንዲታይ፣ ቀለሙም ቅርጹም እንዲናገር አደረጉት። ከዚያም በበርሊን አይሲ በርሊንና ማይኪታ ተነሡ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሚሆን ስስ የብረት ገበታ ላይ ፍሬሙን ቆርጠውና አጥፈው፣ ማጠፊያውንም ያለ ብሎን አያይዘው ሠሩ። በቅርቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 በሎስ አንጀለስ የተቋቋመው ዣክ ማሪ ማዥ ወፍራምና ከባድ ፍሬሞችን በተወሰነ ቁጥር ብቻ እየሠራ፣ ዋጋቸውን ከብዙ መቶ ዶላር በላይ አድርሷል።

ነጻነቱም ሁልጊዜ አይጸናም። አላን ሚክሊ እ.ኤ.አ. በ2013 በሉክሶቲካ፣ የዴንማርኩ ሊንድበርግ በ2021 በኬሪንግ፣ አይሲ በርሊንም በ2023 በማርኮሊን ተገዝተዋል። ትልቁ ኩባንያ ትንሹን የሚገዛው የሚፈልገው ነገር ስላለው ነው። ይህ የሚፈለገው ነገር ምን እንደ ሆነ መርምሮ ማወቅ ለማንኛውም ባለሙያ ትምህርት ይሆናል።

አዲሶቹ ንድፎች በጠቅላላው ሲታዩ በአራት ጎራ ሊመደቡ ይችላሉ። አንደኛው ወፍራም የሴሉሎስ አሲቴት ፍሬም ነው። አሲቴት ከጥጥና ከእንጨት ጭረት የሚገኝ ሲሆን፣ እንደ ኢጣልያኑ ማዙኬሊ ያሉ፣ ከ1849 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆዩ ፋብሪካዎች ቀለም በቀለም ላይ እየደራረቡ ያመርቱታል። ሁለተኛው ስስ የቲታንየም ፍሬም ነው። ቲታንየም መነጽር ከሚሠራባቸው የቆዩ የኒኬል ቅልቅሎች ክብደት ግማሽ ያህል ብቻ የሚመዝን፣ ኒኬልም የሌለበት በመሆኑ ቆዳን አያሳክክም። ሦስተኛው፣ የናይሎን ዱቄት በጨረር እየቀለጠ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ እየታተመ የሚሠራው ነው። አራተኛው እንደ ቀንድና እንደ እንጨት ያለ የተፈጥሮ ቁስ ነው።

እነዚህ ወደ ጣርማ በር ቢመጡ ምን ይሆናሉ? ወፍራሙ አሲቴት ለዓይን ደስ ይላል፤ ነገር ግን በሙቀት የሚለሰልስ ቁስ ነው። ሾፌሩ ከብርዱ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲደርስ መነጽሩን ከመኪናው መስተዋት ሥር ፀሐይ ላይ ቢተወው ቅርጹ ይጣመማል፤ ሌንሱም ከቦታው ይለቅቃል። በፋሽን የተወደደው ትንሹ ክብ ፍሬም ጎኑን ክፍት ስለሚተው ነፋስም ፀሐይም በዳር ይገባበታል። ብሎን የሌለው ማጠፊያ በብልሃት የተሠራ ነው፤ ሆኖም ከተሰበረ መለዋወጫው ከበርሊን ይጠበቃል። ተራው ባለ ብሎን ማጠፊያ ግን በትንሽ ከተማ የሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ሳይቀር ይታሰራል።

ስለ ሌንሱም እንዲሁ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ይህም ማለት በጣርማ በር የሚወርደው ጨረር በባሕር ዳርቻ ከሚወርደው በሲሶ ያህል ይበልጣል። የሌንስ መጥቆር ግን ብቻውን ከዚህ ጨረር አይጠብቅም። ጨረሩን የማያግድ ጥቁር ሌንስ የዓይኑን ብሌን እንዲሰፋ ስለሚያደርግ ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል፤ ጨረሩን የሚያግድ ነጭ ሌንስ ግን ይጠብቃል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የፀሐይ መነጽር ከ0 እስከ 4 ይመደባል። ምድብ 3 ከሚመጣው ብርሃን ከ8 እስከ 18 በመቶ ብቻ ያሳልፋል፤ ለደጋ ፀሐይ የሚስማማው ይህ ነው። ምድብ 4 ከ3 እስከ 8 በመቶ ብቻ ስለሚያሳልፍ ለመንዳት የተከለከለ ነው። በፀሐይ የሚጠቁረው ፎቶክሮሚክ ሌንስ ደግሞ በብርድ ጊዜ ይበልጥ ይጠቁራል፤ ተመልሶ የሚነጣውም ቀስ ብሎ ነው። በቀዝቃዛ ጧት በእግሩ ሲጓዝ የቆየ ሰው እንዲህ ያለውን መነጽር እንዳደረገ ወደ ጨለማ ቤት ወይም ወደ ዋሻ ቢገባ ለጊዜው ይደናገራል። ይህን ሁሉ ለገዢው ማስረዳት የሚገባው መነጽሩን የሚሸጠው ባለሙያ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ውዱ ንድፍ ሁሉ ከንቱ እንደ ሆነ ሊያስመስል ይችላል። እንዲህ አይደለም። ከነጻ ሠሪዎች ሥራ የሚወሰድ አንድ ዋና ነገር አለ፤ እርሱም ልክ ነው።

በማንኛውም ፍሬም ክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ 52፣ 18፣ 140 የሚል ዓይነት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያው የአንዱ ሌንስ ስፋት፣ ሁለተኛው በአፍንጫ ላይ የሚያርፈው ድልድይ ስፋት፣ ሦስተኛው ወደ ጆሮ የሚሄደው ክንድ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው። በብዛት የሚመረተው ፍሬም አንዱን ንድፍ በአንድ ወይም በሁለት ልክ ብቻ ያወጣል። ገዢውም ፊቱን ከመነጽሩ ጋር እንዲያስማማ ይገደዳል። ነጻ ሠሪዎች ግን አንዱን ንድፍ በልዩ ልዩ የድልድይና የክንድ ልክ ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹም ፊቱን በመሣሪያ ለክተው ለዚያ ሰው ብቻ ያትማሉ። አፍንጫው ሰፋ ያለ ሰው፣ ጉንጩ ከፍ ያለ ሰው፣ ጆሮው ዝቅ ያለ ሰው የየራሱን ያገኛል። ገዢው ብዙ ገንዘብ የሚከፍለው ለስሙና ለጌጡ ቢሆንም፣ በእርግጥ የሚጠቅመው ባለሙያው ለአንድ ፊት የሰጠው ያ ሰዓት ነው።

የልክ ነገር የማየት ነገር ነው። ብርቱ ኃይል ያለው ሌንስ ከዓይን የሚርቅበት መጠን በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲለወጥ ኃይሉ ለዓይኑ ይለወጣል። ፍሬሙ በአፍንጫ ላይ እየተንሸራተተ ሲወርድ በትክክል የታዘዘው ሌንስ ስሕተት ይሆናል። ሽማግሌው መነጽሩን በክር አስሮ ዳዊት ሲደግም የሚታየው፣ ተማሪዋም መነጽሯን ቦርሳዋ ውስጥ የምትተወው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። የተሰጠ መነጽር ካልተደረገ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

ስለዚህ ልክን ከቅንጦት ለይቶ ወደ ተራው ሕዝብ ማድረስ ይቻላል። መለኪያው ማስመሪያና የሠለጠነ ዓይን ነው፤ ማሞቂያውና ማጠፊያው መሣሪያም ከአቅም በላይ አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን በመሳሰሉ ተቋማት ኦፕቶሜትሪ የተማሩ ባለሙያዎች አሉ። ሌንስ ማዘዝና ፍሬም ማስማማት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ተደርገው ሲታዩ ሁለተኛው ይዘነጋል፤ እንደ አንድ ሥራ ሊቆጠሩ ይገባል።

ሁለተኛው ትምህርት ከጃፓን ይገኛል። በፉኩይ አውራጃ ክረምቱ ብዙ በረዶ ስለሚጥልበት ገበሬው ወራቱን ያለ ሥራ ያሳልፍ ነበር። ማሱናጋ ጎዛኤሞን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1905 ከኦሳካ ባለሙያዎችን አምጥቶ የመንደሩን ሰዎች መነጽር መሥራት አስተማረ። ዛሬ በዚያ አውራጃ የምትገኘው ሳባኤ ከአካባቢዋ ጋር ከዘጠና በመቶ የሚበልጠውን የጃፓን ፍሬም ትሠራለች። የቲታንየም ፍሬምም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ እዚያው ለገበያ በቃ። ዛሬ በነጻ ሠሪዎች ዘንድ እጅግ የተከበረው የእጅ ሥራ መነሻው የገበሬ የክረምት ሥራ ነበር።

በሰሜን ሸዋ ደጋም የበግ ጠጉር ፈትሎ ባና የሚሠራ እጅ አለ። በኢትዮጵያ በሬ ታርዶ ቀንዱ ዋንጫ ሲሆን ኖሯል፤ ቀንድ በሙቀት እንደሚለሰልስና እንደሚቃና የዋንጫ ሠሪው ያውቃል። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት። በአውሮፓ የቀንድ ፍሬም ውድ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ይሸጣል፤ ቀላል ነው፣ እንደ ብረት የሰውነትን ሙቀት አይነጥቅም፣ እንደ ጥፍር ከኬራቲን የተሠራ ስለ ሆነም ለቆዳ ይስማማል። ችግርም አለበት። በደረቅ ወራት ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ስለዚህ ስስ ስስ ሆኖ ተነባብሮ ይጣበቃል፣ በየጊዜውም ዘይት ይቀባል። ቀንዱ በብዛት እያለ፣ ይህን የሚፈትንና ለመነጽር የሚበቃውን የሚለይ የሥራ ቤት ቢኖር ለዋንጫ ሠሪው ልጅ ሌላ እንጀራ ይከፈትለት ነበር።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገሪቱ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት መሠረት፣ ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። እይታቸው ከደከመው መካከል ሲሶ ያህሉ የደከሙት መነጽር ሊያቃናው በሚችል የእይታ ጉድለት ነበር። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2024 ስፔክስ 2030 የተባለውን እንቅስቃሴ የጀመረው በየአገሩ እንዲህ ያለው ጉድለት ተገቢ መነጽር እንዲያገኝ ነው። ስለ ውድ ንድፍ መወያየት በዚህ ቁጥር ፊት የሚያሳፍር የሚመስለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን በሚላኖ አዳራሽ የቆመው ሀብታምም፣ በጣርማ በር ነፋስ ላይ የቆመው እረኛም የሚፈልጉት መሠረታዊ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም በአፍንጫ ላይ የማይንሸራተት፣ ጆሮን የማያቆስል፣ የታዘዘውን ሌንስ በታዘዘበት ቦታ የሚያቆም ፍሬም። የመጀመሪያው ይህን በገንዘቡ ያገኛል። ሁለተኛው የሚያገኘው ግን በባለሙያው ትጋት ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ በየጤና ጣቢያው መነጽር ሲታደል፣ ከሳጥኑ የወጣውን ፍሬም በሰው እጅ ላይ አስቀምጦ ከመሰናበት በፊት፣ ባለሙያው ከፊቱ ቁጭ ብሎ ድልድዩን ይለካ፣ ክንዱን አሙቆ ከጆሮው ጀርባ ያጥፍ፣ አንገቱን ደፍቶ እንዲያነብም ይጠይቀው። ይህ ከአሥር ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው። ነጻ መነጽር ሠሪዎች በብዙ መቶ ዶላር የሚሸጡት ዋና ዕውቀት በዚህ አሥር ደቂቃ ውስጥ አለ።