ከሞቱ አሟሟቱ

(አንድ ጡረተኛ ነርስ በጎንደር ከተማ ለሰፈራቸው የእድር አባላት ካደረጉት ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ስለ ሞት ላወራችሁ ነው። «ምነው ይሄ ሽማግሌ፣ በሰንበት ሌላ ወሬ አጣ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን እድር ላይ ስለ ሞት ካልተወራ የት ሊወራ ነው?

እኛ ቀብር እናውቅበታለን። ጡሩንባው ከተነፋ ድንኳኑ ለመተከል ጊዜ አይፈጅም። ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው ተቆጥሮ ይመጣል። የቀረ ይቀጣል። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ተዝካር አለ። ለሬሳ ይህን ያህል ክብር እንሰጣለን። ለመሆኑ ሬሳ ከመሆኑ በፊት ያለው ሰውዬስ? ነፍሱ ሳትወጣ ሁለት ሦስት ወር የሚያቃስተውስ? ለሞተ ድንኳን አለን፤ ለሚሞት ግን አልጋ የለንም!

ነገሩን ከሩቅ አላመጣሁትም። ታላቅ ወንድሜ የጃናሞራ ገበሬ ነበር። ጉሮሮው ላይ ያበጠው ነገር እህል አላስውጥ ሲለው፣ የመንደሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ ያን ሁሉ ገደል ወርደውና ወጥተው መኪና ካለበት አደረሱት። ደባርቅ፣ ዳባት፣ አምባ ጊዮርጊስ እያለ ጎንደር ገባ። በአንድ ሐኪም ቤት ዐሥራ አንድ ቀን ተኛ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ ወጣት ሐኪም ኮሪደር ላይ ጠርቶ «አባ፣ ካንሰሩ ተሠራጭቷል። እዚህ የምናደርግላቸው ነገር የለም፤ ወደ ቤት ይውሰዷቸው» አለኝ። በልጁ አልፈረድኩም። አልጋው እስኪለቀቅ መሬት ላይ ተኝተው የሚጠብቁ ነበሩ።

ግን «ወደ ቤት» ሲባል የቱ ቤት ነው? በዚያ ገደል እንደገና በቃሬዛ? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተካሄደው ጦርነት መንገዱ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ። እኔ እንደሆንኩ ኗሪነቴ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። አልጋዬን ለቀቅኩለትና እኔ መሬት ተኛሁ። ሦስት ሳምንት አቃሰተ። አከራዬ ደግ ሴት ናቸው፤ አንድ ቀን ጠዋት ግን «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮሁ እያደሩ ልጆቼ እንቅልፍ አጡ» አሉኝ። ምን ልመልስ? ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በሽተኛ ሳስታምም የኖርኩ ሰው፣ ለገዛ ወንድሜ የሰጠሁት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በውሃ የተበጠበጠ ፓራሲታሞል!

የነፍስ አባቱ ሁለት ጊዜ መጡ። ከታናሽ ወንድማችን ጋር በድንበር ተቀያይሞ ነበርና ሊናዘዝ ፈለገ። «ያ የመሬት ነገር...» ብሎ ይጀምርና ሕመሙ አፉን ይዘጋዋል። ኑዛዜውን ሳይጨርስ ሞተ። ዛሬ ልጆቹና አጎታቸው ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ። ሕመም የሚገድለው ሥጋን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዕርቅንም ይገድላል።

ሲሞትስ? እድራችን በሰዓቱ ደረሰ። እግዜር ይስጣችሁ፤ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ተረፈ። በዚያ ሦስት ሳምንትስ ስንታችሁ መጣችሁ? መውቀሴ አይደለም፤ እኔም ለሌላው አልሄድኩም።

«ታዲያ ላይድን ምን ይደረግለት?» የሚል አይጠፋም። የሚደረግማ ሞልቷል! ሆስፒስ የሚባለው ይኸው ነው፦ የማይድነውን ሰው ሕመሙን ማስታገስ፣ ቁስሉን ማጠብ፣ ከንፈሩን ማራስ፣ ቤተሰቡን ማጽናናት። ለንደን ውስጥ ሲስሊ ሳንደርስ የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1967 ቅዱስ ክሪስቶፈርን ከፍተው ለዓለም አሳዩ። ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው እንዳትሉኝ፣ ኡጋንዳን ተመልከቱ። ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ካምፓላ ላይ ጀመሩ። የሞርፊን ዱቄት በውሃ በጥብጠው፣ በጠርሙስ ሞልተው፣ በሽተኛው በየአራት ሰዓቱ እቤቱ ሆኖ እንዲጠጣው አደረጉ። ሐኪም በሌለበት ገጠር የሠለጠነች ነርስ እንድታዝዘው ሕጉ ፈቀደ።

እኛስ ዘንድ? የማዘር ቴሬሳ እህቶች እ.ኤ.አ. በ1973 ኢትዮጵያ ገብተው፣ መንገድ ላይ የወደቀውንና ወገን የሌለውን እያነሡ በክብር እንዲሞት አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ በአንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ ጥረት ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሞ በየቤቱ እየዞረ ማስታመም ጀመረ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። መመሪያማ መች አጥተን እናውቃለን! መመሪያው ጃናሞራ የሚደርሰው በእግሩ ይሁን በቃሬዛ እንጃለት እንጂ! የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በያመቱ ይህ እንክብካቤ ከሚያስፈልገው ከ56 ሚሊዮን በላይ ሰው ውስጥ የሚያገኘው 14 በመቶው ያህል ብቻ ነው። ወንድሜ ከቀሪዎቹ አንዱ ነበር።

ጎንደር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ደንቢያን ወባ በፈጀው ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጁ እዚህ ሲከፈት፣ እኛን ያስተማረን በሽተኛ እስኪመጣ ቁጭ ብለን እንድንጠብቅ አልነበረም፤ በየመንደሩ፣ በየጎጆው እንድንገባ ነው። ጠበል ቦታ የወረደ ሰውም ያውቀዋል፦ ዘመድ ለሌለው ጠበልተኛ ጎረቤቱ ጠበልተኛ ውሃ ያቀብለዋል። ሙያውም ደግነቱም አለ። የጎደለው ቤቱና መድኃኒቱ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። የከተማችን እድሮች እንተባበርና አንድ ግቢ እንከራይ። ስድስት አልጋ ይበቃል። እንደኔ ጡረታ የወጣን ነርሶች ተራ እንገባለን፤ ካህኑም ሼኹም ይግቡበት። ከገጠር የመጣ፣ «ውሰዱት» የተባለና መውሰጃ የሌለው ሰው እዚያ ይረፍ። የታመመን መጠየቅም እንደ ቀብር ግዴታ ይሁን፤ የቀረ ይቀጣ! ከመንግሥት የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሞርፊኑን እንዲያቀርብ። ሪባኑን ከፈለጉ ይቁረጡት፤ መድኃኒቱን ብቻ ይዘው ይምጡ!

መሞታችን አይቀርም። እየጮኹ መሞትን ግን ማስቀረት ይቻላል። ለድንኳን ማደሻ ካስቀመጥነው ገንዘብ ላይ ዛሬ እንነጋገር። የኔን ዕጣ፣ የዚህን ወር ጡረታዬን፣ ይኸው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ።