ስምዎን ማን ልበል?

የዛሬ ተመራቂ ነርሶች፣ አዋላጆችና ጤና መኮንኖች፤

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እንደ አንድ አስታማሚ ስሙኝ። ከዓመታት በፊት እናቴን ይዤ ከአንድ ጤና ተቋም አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል። ካርድ የያዘው ልጅ ከበሩ ሆኖ «ፋጡማ መሐመድ!» ብሎ ተጣራ። ሁለት ሴቶች ተነሡ። እናቴ አልተነሣችም። ፋጡማ መሐመድ እሷም ነበረች፤ ነገር ግን የቀበሌው ሰው ሁሉ «የእገሌ እናት» እያለ በእኔ ስም ሲጠራት ስለኖረ፣ የራሷን ስም ከሰማች ቆይታለች። የደም ምርመራ ወረቀቷ ከተነሡት ከአንዷ እጅ ገባ።

ከሚሴ፣ ባቲ ወይም ሰንበቴ የምትመደቡ ይህ አይቀርላችሁም። መሐመድና ፋጡማ፣ አህመድና ሰይድ በሞላበት አገር የአባት ስም ብቻውን አይለይም፤ አያቱን፣ ዕድሜውን፣ ቀበሌውን ጠይቁ። ደግሞ «ፋጡማ መሐመድ ነዎት?» አትበሉ። የደከመ ሕመምተኛ ለጠየቁት ሁሉ «አዎ» ይላል። ስሟን ራሷ ትናገር። «ማዘር»፣ «ፋዘር» ስትሉ ክፋት አስባችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ማዘር የተባለችው የትኛዋ እንደሆነች መድኃኒት የሚያድለው ባልደረባችሁ በምን ይወቅ?

የእናንተንም ስም ንገሩ። በእኛ ወግ የሐኪም ማዕረግ የሚቀድመው የራሱን ስም ነው። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ሲወድቅ እንግሊዞች የወሰዱት ሕፃን ቻርለስ ማርቲን ተብሎ አደገ፤ ሕክምናም ተማረ። አገራቸው ሲመለሱ አያታቸው በሰውነታቸው ምልክት ለዩአቸው፤ ወርቅነህ የሚለውን ስማቸውንም አገኙ። ዛሬም ሐኪም ወርቅነህ እንላቸዋለን።

ያን ቀን በጤና ተቋሙ የእናቴን ወረቀት ስህተት ያገኘችው አንዲት የልምምድ ተማሪ ነበረች። ከእናቴ ፊት ቁጢጥ ብላ በኦሮምኛ «መቃን ኬሰን ኤኙ?» አለቻት። «ኬ» ብትል አንቺ ማለቷ ነበር፤ «ኬሰን» ብላ አከበረቻት። እናቴ ቀና አለች። ስሟን፣ አባቷን፣ አያቷን፣ ማንም ያልጠየቃትን ቅድመ አያቷን ጭምር ቆጠረችላት። ልጅቷ ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ የራሷን ስም ነገረቻት።

እናቴ እስክታልፍ ድረስ ዱዓ ስታደርግ፣ እኛን ልጆቿን ጠርታ ስታበቃ ያችን ልጅ በስሟ ትጠራት ነበር።