ኪስ ውስጥ የምትገባ ሽጉጥ

ዛሬ የማወጋችሁ አንድ የሮቤ እህል ነጋዴ ስላነሳልኝ ጥያቄ ነው። የባሌዋን ሮቤ ማለቴ አይደለም፤ የእኛኑ፣ የአርሲዋን። ሰውየው ስንዴና ገብስ ገዝቶ ወደ አሰላና ወደ አዳማ የሚጭን ነው። "በየቀኑ ወገቤ ላይ ብሽጣት የማትከብደኝ፣ ከኮት ስር የማትታይ፣ በክፉ ቀን የማትከዳኝ ሽጉጥ የትኛዋ ናት?" አለኝ።

ለጉራ አልጠየቀም። ኅዳርና ታኅሣሥ ኮምባይነር ማሳ ሲገባ፣ ብዙ ገበሬ እህሉን አስረክቦ ብሩን እዚያው ቆጥሮ መቀበል ይወዳል። ነጋዴውም ያንን ብር ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራል፤ ሲመሽበትም ሰው ቤት ያድራል። ቤተሰብ ያለው ሰው እንዲህ ሲውልና ሲያድር ቢሰጋ አይፈረድበትም። እኔም ጥያቄውን ሳላጣጥል የማውቀውን ነገርኩት።

ያለ ፈቃድ ሽጉጥ የሚፈልግ ሰው አይመርጥም፤ ያመጡለትን ነው የሚወስደው። ከሚያመጡለት አንዷ ማካሮቭ ናት። ሶቭየቶች እ.ኤ.አ. በ1951 ለሠራዊታቸው የተቀበሏት፣ ባዶዋን 730 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ካዝናዋ 8 ጥይት የሚይዝ ናት። ጎኗ ላይ ያለው ቁልፍ ወደ ላይ ሲነሳ መዶሻዋ በደህና ይወርዳል፣ ምላጯም አይሠራም። ቶካሬቭ ግን በዕድሜ ትበልጣታለች እንጂ እንዲህ ያለ ቁልፍ የላትም። መዶሻዋን ግማሽ መንገድ ላይ ከማቆም በቀር ሌላ መከላከያ የላትም። ቶካሬቭን ጥይት አጉርሶ ወገቡ ላይ ሻጥ የሚያደርግ ሰው፣ አንድ ቀን ብትወድቅበት ወይም ከጋቢው ጋር ብትጠላለፍ የሚመታው የገዛ ጭኑን ነው።

ጥይቱስ? "ዘጠኝ ሚሊ አለ" ይሉታል፤ እሱም ይገዛል። ዘጠኝ ሚሊ የሚባለው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የማካሮቭ ጥይት ቀልህ ርዝመቱ 18 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአብዛኞቹ አዳዲስ ሽጉጦች ጥይት ደግሞ 19። የአረራቸው ውፍረትም ይለያያል። በዓይን ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ፤ አንዱ በሌላው ሽጉጥ ውስጥ ግን በወጉ አይገባም፣ በወጉም አይሠራም። ከጨርቅ ቋጠሮ ተቆጥሮ የተሰጠውን ጥይት የያዘ ሰው፣ የያዘው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው በጭንቅ ሰዓት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን በቱርክ ስም የሚዞረው ነው። በኮንትሮባንድ ሲገባ በሺዎች እየተያዘ በዜና ስትሰሙት ኖራችኋል። ከነዚህ መካከል ከፋብሪካ ሲወጡ ለእውነተኛ ጥይት የተሠሩ አሉ። ለድምፅ ብቻ ተሠርተው፣ በኋላ በየጓዳው አረር እንዲተኩሱ የተለወጡም አሉ። እነዚህኞቹ አካላቸው በአብዛኛው ዚንክ ያለበት ለስላሳ ብረት ነው። የእውነተኛ ጥይትን ግፊት እንዲችል የተሠራ ስላልሆነ ይሰነጠቃል፣ ወይም እዚያው ተኳሹ እጅ ላይ ይፈነዳል። ከውጭ ሲታዩ ያብለጨልጫሉ፣ አዲስ ናቸው፣ ለኪስም ይመቻሉ። የእኛ ነጋዴ የፈለገውን ሁሉ ያሟላሉ፤ አለመክዳትን ግን አያውቁም።

ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ ሽጉጥ፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ አይታመንም። ምንጩን የሚያሳውቀው ደግሞ ፈቃዱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝንም፣ መሸጥንም፣ ማዘዋወርንም ከልክሏል። ፈቃድ የሚጠየቀው ከፖሊስ ነው። ፈቃድ በሌለው መሣሪያ ራሱን የተከላከለ ሰው፣ የተከላከለው በእውነት ቢሆን እንኳ፣ ስለ መሣሪያው ራሱ መጠየቁ አይቀርም። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ልቡን አይሙላ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይቀበላል፤ ጥቃቱ ሕገወጥና በእርግጥ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ ሌላ ማምለጫ የሌለው፣ መከላከያውም ከጥቃቱ ጋር የሚመጣጠን ሲሆን ነው። እየሸሸ ያለን ሌባ ከጀርባው መተኮስ እዚህ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ትንሽነቷ ልምጣ፤ ከነጋዴው ጋር ያልተስማማነው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ሽጉጥ ለመሸከም እንጂ ለመተኮስ አትመችም። አፈሙዟ አጭር ነው፤ እጀታዋ ሦስት ጣት እንኳ አይሞላም፤ ስትተኮስ እጅ ውስጥ ትዘላለች። ብዙ ለተለማመደ ሰው እንኳ አስቸጋሪ ናት፤ መለማመጃ ለሌለው የእህል ነጋዴማ በጨለማ፣ በብርድ የደነዘዘ እጁን ከጋቢ ስር አውጥቶ ሲተኩስ ምን ሊመታ እንደሚችል አስቡት። መንገድ ላይ አድፍጦ የሚጠብቅ ዘራፊም ብቻውንና ባዶ እጁን አይመጣም። ሽጉጧም ለእሱ ከብሩ ጋር የምትወሰድ ሌላ ሲሳይ ናት።

ከዚህም በላይ የሚቆጨኝ ነገር አለ። በአርሲ ምድር ጠብ ሲነሳ የሚገታበት የቆየ ወግ አለን። ባለ ሲንቄ እናቶች፣ በሠርጋቸው ቀን ከእናታቸው የተቀበሏትን ዘንግ ይዘው በተጣዮች መካከል ይቆማሉ። ሲንቄ መሃል ከቆመች ወንዱ እጁን ይሰበስባል፤ አልፎ መምታት ነውር ነው። ይህ ወግ የሚሠራው ግን ጠቡ ስለሚታይ ነው። ጦር የያዘ ሰው ከሩቅ ይታያል፣ ዱላ ሲነሳ ይታያል፣ ጠመንጃ ትከሻ ላይ ነው። "ኧረ ያዙት!" የሚል ይገኛል፤ እናቶችም ይደርሳሉ። ኮት ስር የተደበቀች ሽጉጥን ግን ማን ያያታል? በሠርግ ቤት፣ በእህል በረንዳ የሚዛን ክርክር ላይ፣ በጠጅ መካከል፣ ከኪስ ወጥታ እስክትተኮስ ድረስ ዘንግ ማንሻ ጊዜ የለም። እናም ነጋዴው እንዳትታይለት የፈለጋት ሽጉጥ፣ ሊያስታርቁት ከሚችሉት ሰዎች ዓይን ጭምር ነው የምትሰወረው። ደም ከፈሰሰ በኋላ ያለው ጉማ፣ የደም ካሣ፣ ነው። ካሣውን ደግሞ ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም፤ ጎሳው ያዋጣል፤ ምንም ያላጠፋ ወንድም ከበረቱ ከብት ያወጣል።

"ታዲያ ብሬን በምን ልጠብቅ?" አለኝ ነጋዴው። ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው፤ መልስም አለው። የሚዘረፍ ብር አለመያዝ ነው። ከገበሬው ጋር ባንክ ቤት ተገናኝቶ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ማዛወር ይቻላል። ከ2013 ግንቦት ጀምሮ ቴሌብር አለ፤ ስልክ ያለው ገበሬ እዚያው ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ መልእክቱን ያያል። አንዳንድ ገበሬ "ብሬን በዓይኔ ልየው" ይላል፤ ይህንን አውቃለሁ። ልጁን ወይም የሚያምነውን ሰው አብሮት ባንክ ድረስ መውሰድ አንድ ጠዋት ነው የሚፈጀው። ብር መያዝ ግድ ከሆነም በቀን፣ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር፣ የሚነሱበትን ሰዓት ለማንም ሳያወሩ መሄድ ነው። ነጋዴው ይህንን ሲሰማ ወዲያው አልተቀበለኝም፤ ገበሬዎቹን ለማሳመን ጊዜ ይወስዳል አለ። ይወስዳል፤ እኔም አልዋሸሁትም።

ፈቃድ ኖሯችሁ ሽጉጥ ቤታችሁ ላለ አድማጮቼ የምለው አንድ ነገር ቀርቶኛል። ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ቀደም ብላ የጎረሰች አንዲት ጥይት እዚያው ውስጥ ትቀራለች፤ ማካሮቭ ደግሞ ካዝና ሳይኖራትም ትተኩሳለች። ልጅ የሚያገኛት፣ ከፍራሽ ስርም ይሁን ከቁምሳጥን ላይ፣ ያችን ሽጉጥ ነው። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሌላ ክፍል ሳሉ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፤ ጣታችሁን ከምላጩ አርቁ፤ መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ፤ ከዚያ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስባችሁ ያዙትና ውስጡን በመብራት እዩ፣ በትንሿ ጣታችሁም ዳስሱ። ጥይቱን በሌላ ቦታ ቆልፉበት፤ ቁልፉንም እናንተው ጋ ያዙ።